ባትሪው ከመታሰሩ በፊት

በጅማ ከተማ ለመኪና ኤሌክትሪክ ሠልጣኞችና ለአሮጌ መኪና ወዳጆች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። ነገር በዓይን ይገባልና ከመናገሬ በፊት ይህችን ሽቦ እጅ በእጅ ተቀባበሏት። ርዝመቷ አንድ ክንድ ነው። በአንደኛው ጫፍ ቀይ ቀለሟ አሁንም ደኅና ነው። ወደ መሃል ስትሄዱ ሽፋኗ እንደ ሰም ቀልጦ ከአጠገቧ ከነበረችው ጥቁር ሽቦ ጋር ተጣብቆ ታገኙታላችሁ። በሌላኛው ጫፍ ሽፋን የሚባል ነገር የለም፤ መዳቡ ራቁቱን ቀርቶ በሙቀት ጠቁሯል። አሽትቷት። ወራት አልፈው እንኳን የተቃጠለ ፕላስቲክ ትሸታለች።

የወጣችው ከአንዲት ቮልስ ነው። 1300 የምትባለው፣ በ12 ቮልት የምትሠራው ዓይነት ናት። እዚሁ ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን ጥግ 17 ዓመት ቆማለች። ባለመኪናው በሕይወት ሳሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አጋሮ ደርሰው የሚመለሱባት ነበረች። እሳቸው ሲያርፉ ባለቤታቸው ሸራ አለበሷት፤ ትሸጥ ሲባሉ እምቢ፣ ትሠራ ሲባሉ እምቢ እያሉ ዓመታት አለፉ። ታናሽ ልጃቸው ሊያገባ ሲል ግን ሙሽራዋን በአባቱ መኪና ማምጣት ፈለገ፤ እናትም በዚህ ተረቱ። ልጁ አዲስ ባትሪ ገዛ። የኋላውን ወንበር አንሥቶ ባትሪውን በቦታው አስቀመጠ፤ ፖዘቲቩን አሰረ፤ የማሳውን ገመድ፣ ማለትም ባትሪውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘውን፣ ሲያስነካ ብልጭ አለ። ብልጭታውን «ባትሪው ጥሩ ጉልበት አለው» ብሎ ተረጎመውና አጠበቀው። ቁልፉን ገና አልነካም። ጭሱ መጀመሪያ በግራ በኩል ከወንበሩ ሥር ወጣ፤ ወዲያው ደግሞ ከዳሽቦርዱ ሥር። ገመዱን በጨርቅ ይዞ ነቅሎ ባይጥለው ኖሮ መኪናዋ ብቻ ሳትሆን በዙሪያዋ የተደረደረው ጆንያ ሁሉ ይሄድ ነበር።

ይህን የማወራው ልጁን ለመውቀስ አይደለም። ብዙ ዓመት የቆመ መኪና ሲመጣልን የሁላችንም እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባትሪ ነው። «እስኪ ትነሣ እንደሆነ እንያት» እንላለን። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ አደርግ ነበር። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት በዚያች ቮልስ ላይ ሦስት ሳምንት ስሠራ የገባኝን ነገር ነው። የመኪና ሽቦ ጽሑፍ ነው። የሠራው ሰው በቀለምና በቁጥር ጽፎታል። እኛ ሳናነበው እንቆርጠዋለን፤ ስንጠግነው ደግሞ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ማንበብ እንዳይችል አድርገን እንሰርዘዋለን።

ፊውዝ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ነገር ግን ይህችን ቀይ ሽቦ አይጠብቃትም። በቮልስ ላይ ኃይሉ ከባትሪው ሞተሩን ወደሚያስነሣው ሞተሪኖ ይሄዳል፤ ከሞተሪኖው ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ወደሚቆጣጠረው ሬጉላቶር፣ ከዚያም በአንድ ወፍራም ቀይ ሽቦ ወደ ፊት ለፊት ይዘልቃል። ወደ ፊውዝ ሳጥኑ እስኪደርስ ድረስ በመንገዱ ላይ የሚያቆመው ምንም የለም። በዚህች መኪና ሬጉላቶሩ የተቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በግራ በኩል ነው። አይጦቹም ጎጆ የሠሩት እዚያው ነበር። የወንበሩን መሙያ ፀጉር ነቅለው፣ ከጆንያ ላይ ቃጫ አምጥተው፣ ሞቅ ያለ ቤት አበጁ፤ የቀዩን ሽቦ ሽፋን ጣት በምታህል ቦታ ላይ ገፈፉት። የተራቆተው መዳብ በቆርቆሮው ላይ ተጋደመ። ባትሪ በሌለበት 17 ዓመት ቢጋደም ምንም አይሆንም። ባትሪው በታሰረባት ቅጽበት ግን ባትሪው ያለውን ጉልበት ሁሉ በዚያች ሽቦ ላይ አፈሰሰው። ሽቦዋ እስከዚያ ቦታ ድረስ እንደ ምድጃ ጋለች፤ በአንድ ጥቅል ውስጥ አብረዋት የታሰሩትንም ይዛቸው ቀለጠች፤ ኃይሉም በእነሱ በኩል ወደ ዳሽቦርዱ ዘለቀ።

ስለዚህ የቆመ መኪና ስታገኙ መጀመሪያ ባትሪ ካለ ፍቱ። ከዚያ ወንበሩን አንሡ፣ ምንጣፉን ግለጡ፣ የፊቱን ኮፈን ክፈቱ፣ በባትሪ መብራት እየፈለጋችሁ በዓይናችሁ ተጓዙ። የአይጥ ጎጆ ካገኛችሁ በደረቁ አትጥረጉት። አቧራው ከሽንታቸው ጋር ወደ ሳንባ ይገባል፤ በሽታ አለው። በበረኪና በተቀላቀለ ውኃ አርጥቡት፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ጓንት አድርጉ። የነዳጁንም ነገር በዚያው ጨርሱት። በቮልስ ላይ ታንኩ ከፊት ነው፤ የፊት መብራቶቹና የፊውዙ ሽቦዎች በዙሪያው ያልፋሉ። 17 ዓመት የኖረ የቤንዚን ጎማ ቱቦ ሲነኩት ይሰነጠቃል። ቱቦው ሳይቀየር ብልጭታ የሚፈጥር ሥራ አይጀመርም።

አሁን ስለ ጅማ ልናገር፤ ምክንያቱም የእኛ አገር የቆመ መኪና የደረቅ አገር የቆመ መኪና አይደለም። ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ቡና የሚወድደው ይህ እርጥበት መዳብን ይበላል። እንዴት እንደሚበላው በቅርብ አይቼዋለሁ። ከኋላ የፍሬን መብራት የሚመጣውን ሽቦ ያዝኩ፤ ጥቁር ነው፣ ቀይ መስመር አለበት፤ ከውጭ ሲያዩት አንዳች እንከን የለውም። ጫፉን አንድ ሳንቲ ሜትር ላጥኩት። መዳቡ ከሰል መስሎ ነበር። ሌላ አንድ ሳንቲ ሜትር ላጥኩ፤ ያው ነው። ቀጫጭኖቹን የመዳብ ክሮች በጣቴ ሳሽ እንደ ደረቀ ሣር ተሰበሩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ በሽቦው ጫፍ ይገባና፣ ክር ዘይት እንደሚስብ ሁሉ፣ በክሮቹ መካከል እየተሳበ ወደ ውስጥ ይጓዛል። ሽፋኑ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። ከውጭ ጤነኛ የሚመስል ሽቦ ውስጡ የሞተ ይሆናል። ይህን ስታገኙ ቀይ የሚያበራ መዳብ እስኪገኝ ድረስ ወደ ኋላ ቁረጡ። በጠቆረ መዳብ ላይ ሊድ፣ ማለትም ቀልጦ ሽቦን ከሽቦ የሚያጣብቀው ብረት፣ አይያዝም፤ ቢያዝም ከላይ ተለጥፎ ይቀመጣል እንጂ አይዋሐድም።

ሽፋኑም ያረጃል። በዚያ ዘመን የተሠራው ፕላስቲክ የሚያለሰልሰው ነገር ከዓመታት ብዛት ተንኖ ያልቃል፤ በተለይ ሞተሩ አጠገብ ያለው ይደርቃል። ሽቦውን ቀስ አድርጋችሁ በጣታችሁ ጠቅልሉት። ከተሰነጠቀ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው።

ነገር ግን እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች መኪና ላይ አይጥና ዝናብ ካደረሱት ጉዳት ይልቅ የሰው እጅ ያደረሰው ይበልጥ ነበር። የፊውዝ ሳጥኑን ስከፍት በሁለት ፊውዞች ላይ የሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ አገኘሁ። የቮልስ ፊውዝ ትንሽ የሴራሚክ ዘንግ ናት፤ ነጯ 8 አምፔር ትሸከማለች፣ ቀይዋ 16። ብርማ ወረቀቱ የሚሸከመው ምን ያህል እንደሆነ ግን ጠቅላዩም አያውቀውም። የኋላ መብራት ላይ ደግሞ አረንጓዴ የቤት ሽቦ ገብቷል፤ ባለ አንድ ወፍራም ዘንግ፣ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ዓይነት። ግድግዳ አይንቀጠቀጥም። መኪና ይንቀጠቀጣል፤ ያ ዘንግ በአንድ ቦታ ላይ ሲተጣጠፍ ውሎ ይሰበራል። ብዙ ክሮች ያሉት ሽቦ ለመኪና የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር ሰባት ቦታ ላይ በጣት ተጠምዝዘው በፕላስተር የተጠቀለሉ መጋጠሚያዎች ቆጠርኩ። ፕላስተሩ ሙጫው ፈስሶ ተላጥቷል።

ከእነዚህ ሰባቱ አለፍ ብሎ ስምንተኛ አገኘሁ። ስለዚህኛው ትንሽ ላቆያችሁ። ከፊት ግራ መብራት ወደ አካሉ የምትመለሰዋ ቡናማ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ተቀጥላለች። የቀጠለው ሰው ቡናማውን በቡናማ ነው የቀጠለው፤ ውፍረቱም ያው ነው። ክሮቹን እርስ በርስ አስገብቶ ሹሩባ እንደሚሠራ ሰው ጠልፏቸዋል፤ ሊዱ ቀጭን ሆኖ እስከ ውስጥ ገብቷል፤ ከላዩ ሽፋን አልብሶ በሁለቱም ጫፍ በሰም በተነከረ ክር አሥሮታል፤ ከዚያም መጋጠሚያው እንዳይወዛወዝ ከቆርቆሮው ጋር በማቀፊያ ይዞታል። በመልቲሜትር ስለካው ከአዲስ ሽቦ አይለይም። ማን እንደሠራው ባለቤቲቱም አያውቁም። ጋራዡ አይታወቅ፣ ዓመቱ አይታወቅ። እኔ ግን ያንን ሰው አወቅሁት ማለት እችላለሁ፤ ሥራው ሁሉንም ነገረኝ። ያን ዕለት የሊድ ማቅለጫዬን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ተመለከትኩት። ከእንግዲህ የምሠራው ሁሉ እንዲህ ይሁን አልኩ።

ቡናማ በቡናማ መቀጠሉ ለምን ያን ያህል አስደሰተኝ? በጀርመን መኪናዎች ላይ ቡናማ ማለት ማሳ ነው። ቀይ ማለት ከባትሪው በቀጥታ የመጣ፣ ቁልፍ ቢጠፋም የማይጠፋ ኃይል ነው። ጥቁር ቁልፍ ሲከፈት የሚነቃው ነው። ግራጫ የጥግና የኋላ መብራት፣ ቢጫ የአጭር መብራት፣ ነጭ የረጅም መብራት። በፍሬቻው ላይ ጥቁርና ነጭ የግራ ነው፤ ጥቁርና አረንጓዴ የቀኝ። ቁጥሮቹም እንዲሁ ናቸው። 30 የባትሪ ኃይል፣ 15 ከቁልፍ በኋላ፣ 31 ማሳ፣ 50 ወደ ሞተሪኖ የሚሄድ ትእዛዝ፣ 56 ኤ ረጅም መብራት፣ 56 ቢ አጭር መብራት፣ 58 የጥግ መብራት። ይህ የጀርመን መሥፈርት ቁጥር 72552 ነው፤ የቮልስ ብቻ አይደለም፣ በመርሴዲስም በኦፔልም ታገኙታላችሁ። ከሱቅ የምትገዟትን ተራ ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የምትታዘዘውን ማብሪያ፣ አገላብጣችሁ እዩ፤ 30፣ 85፣ 86፣ 87 ተጽፎባታል። ያው ቋንቋ ነው።

ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተች፣ የመጨረሻዋም እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የወጣች መኪና ናት። ይህን ያህል ስለተሠራች የሽቦ ሥዕሏ በየሞዴል ዓመቱ ተለይቶ በቀላሉ ይገኛል። በግምት ለመሥራት ምክንያት የለንም። አንድ ነገር ብቻ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የተሠሩት በ6 ቮልት ነበር የሚሠሩት። አምፖሉ ላይ፣ ሬጉላቶሩ ላይ፣ ሞተሪኖው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። በ6 ቮልት አንድ ዓይነት ኃይል ለማግኘት እጥፍ አምፔር ያስፈልጋል፤ በአንድ መጥፎ መጋጠሚያ ላይ የሚባክነው ኃይል ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ብዙ ሰዎች «6 ቮልት ደካማ ነው» የሚሉት መጋጠሚያው ሳይጸዳ ነው።

ወደ ሥራው ልግባ። የተቃጠለውን ጥቅል ከማውጣቴ በፊት በስልኬ ከመቶ በላይ ፎቶ አነሣሁ፤ እያንዳንዱ የሽቦ ጫፍ ላይ ወረቀት ፕላስተር ጠቅልዬ በእርሳስ ቁጥሩን ጻፍኩ። ከዚያ አንድ በአንድ። ሁለት ሽቦ በአንድ ጊዜ አይፈታም። አሮጌውን ሽቦ ስስብ አዲሱን ከኋላው አሥሬ ነው፤ አሮጌው ሲወጣ አዲሱ ራሱ መንገዱን ይዞ ይገባል። ወፍራሙ ቀይ በስድስት ካሬ ሚሊ ሜትር፣ የፊት መብራቶቹ በ1.5፣ የኋላዎቹ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ገቡ። በእኛ ገበያ ብዙ ጊዜ ያለው ቀይና ጥቁር ብቻ ነው። ስለዚህ ከወደቁ መኪናዎች ላይ ደኅና የሽቦ ጥቅል እየፈለግሁ ቀለሙንና ውፍረቱን አመሳሰልኩ። ግራጫ ከመስመር ጋር ባጣሁበት ቦታ ሌላ ቀለም አስገብቼ በሁለቱም ጫፍ 58 የሚል ቁጥር አሰርኩበት።

አንድ ወጣት ጋራዡ መጥቶ «ጋሼ፣ ለምን ሙሉውን ዘርግፈህ አዲስ አትዘረጋም?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግማሹ የተቃጠለ ቢሆን አደርገው ነበር። ጤነኛ ሽቦ መንቀል ግን ጤነኛ ጥርስ እንደ መንቀል ነው፤ ያልነበረ ስሕተት ታመጣላችሁ። የተጎዳው ከወንበሩ ሥር እስከ ዳሽቦርዱ ያለው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለካሁ፣ አጠብኩ፣ ተውኩት።

መጋጠሚያን በተመለከተ ከጅማ የተሻለ አስተማሪ የለም። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል፤ እግሩና መቀመጫው አልተጋጠመም፣ ስለዚህ አይላላም፣ አይንቃቃም። ሽቦም እንዲሁ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ማስገባት ከተቻለ መጋጠሚያ አይፈለግም። ግድ ከሆነ ግን ደንብ አለው። በትክክለኛ መጭመቂያ የተጨመቀ የሽቦ ጫፍ፣ ማለትም ካፖኮርዳ፣ በፒንሳ ከተደቆሰው ጋር አንድ አይደለም። ጨምቃችሁ ሳቡት፤ ከወጣ አሁን ይውጣ። ሊድ የምትጠቀሙ ከሆነ ሊዱ በክሮቹ ውስጥ እየተሳበ ከመጋጠሚያው አልፎ ሽቦውን ደረቅ ዘንግ እንደሚያደርገው አስታውሱ። የሚሰበረው እዚያ ድንበሩ ላይ ነው። ያ ያልታወቀ ሰው መጋጠሚያውን ከቆርቆሮው ጋር ያቀፈው ለዚህ ነበር። አሲድ ያለበት ማጽጃ ለራዲያተር እንጂ ለሽቦ አይሆንም፤ ውስጥ ቀርቶ መዳቡን ይበላዋል። ከላይ የሚለብሰው ደግሞ በሙቀት የሚኮማተር፣ ውስጡ ሙጫ ያለበት ቱቦ ይሁን። በእኛ ዝናብ ተራ ፕላስተር አይበቃም።

አሁን ማሳ። ብዙ የመብራት ችግር ከፖዘቲቩ ሳይሆን ከመመለሻው ነው። አንድ ስሌት ላሳያችሁ። 45 ዋት የሆነ የፊት አምፖል በ12 ቮልት 3.75 አምፔር ይስባል። በማሳው ቦልት ሥር ዝገት ገብቶ ኃይሉን የሚያግድ ግማሽ ኦም ተቃውሞ ብቻ ቢፈጥር፣ 1.6 ቮልት ያህል እዚያ ይቀራል። አምፖሉ የሚደርሰው 10.4 ነው። የአምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ እጅግ ፈጥኖ ስለሚወድቅ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ ብርሃን ጠፋ ማለት ነው። ቦልቱ ደግሞ አምስት ዋት ያህል ሙቀት እያመነጨ ራሱን ይበልጥ ያዝጋል። ሰው ግን ትልቅ አምፖል ይገዛል፤ ትልቁ አምፖል ብዙ አምፔር ይስባል፤ ችግሩ ይብሳል። መፍትሔው የብርጭቆ ወረቀት ነው። ቀለሙና ዝገቱ እስኪለቅ ቆርቆሮውን ፈትጉ፣ እሰሩ፣ ከላይ ቅባት ቀቡ።

ካምቢዮውን ከአካሉ ጋር የምታገናኘዋን የተሸረበች የማሳ ገመድ ማንም አይመለከታትም። ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ላይ ስለተቀመጡ የሞተሪኖው አምፔር ሁሉ የሚመለሰው በእሷ ነው። እሷ ከተበጠሰች አምፔሩ ሌላ ብረት ይፈልጋል፤ የነዳጅ መስጫውን ወይም የፍሪሲዮኑን ገመድ ያገኛል፤ ገመዱ ግሎ ይጣበቃል። ሰውየው ገመድ ይቀይራል፤ ከወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል። በዚህች መኪና ላይ የማሳ ገመዷን ስነካት በእጄ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ሆነች።

ሁሉም ተሠርቶ ካለቀ በኋላም ባትሪውን በቀጥታ አላሰርኩም። እንዲህ አድርጉ። አንድ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ውሰዱ፤ በባትሪው ኔጌቲቭና በማሳው ገመድ መካከል አስገቡት። ሁሉም ማብሪያ ጠፍቶ በሮቹ ተዘግተው አምፖሉ ከበራ፣ የሆነ ቦታ ላይ ኃይል ወደ ማሳ እየፈሰሰ ነው። ነገር ግን አምፖሉ ከሁለት አምፔር በታች ብቻ ስለሚያሳልፍ ሽቦ አይቃጠልም። የዚያ ልጅ ብልጭታ ይህ አምፖል ቢኖር ኖሮ ብርሃን ሆኖ ይታይ ነበር፤ ጭስ አይሆንም ነበር። የእኔ አምፖል በመጀመሪያው ቀን ቦግ ብሎ በራ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ፤ አልጠፋም። ፊውዝ ካልጠበቀው መሥመር መጣ ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ፈለግሁ። የቁልፉ ሽቦ መሪው ሥር ባለ የቆርቆሮ ጠርዝ ተጭኖ ተገኘ፤ ራሴ ስመልሰው ነበር የጫንኩት። አወጣሁት፣ ጎማ ቀለበት አለበስኩት። አምፖሉ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ጨመርኩ፤ የመጀመሪያውን አሠራር ማክበር እወዳለሁ፣ በእነዚህ ግን አልደራደርም። ከሞተሪኖው ወደ ፊት በሚሄደው ቀይ ሽቦ መነሻ ላይ 40 አምፔር ፊውዝ አስገባሁ። ባትሪው ላይ ደግሞ ክዳን አደረግሁ። ቮልስ ላይ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ ነው፤ ክዳኑ ጠፍቶ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ብረት ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ይነካል፤ የወንበሩ መሙያ ይነድዳል። ብዙ ቮልሶች በዚህ ተቃጥለዋል። አንድ ቁራጭ ወፍራም ጎማ ይበቃል።

ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም ነበር። ረጅም ጊዜ የቆመ ዲናሞ ውስጡ የሚቀረውን የማግኔት ኃይል ሊያጣ ይችላል። ዲ ኤፍ የሚለውን ጫፍ ከማሳ ጋር አገናኝቼ፣ ዲ ፕላስ ላይ ከባትሪው ፖዘቲቭ ለቅጽበት አስነካሁት። ሞተሩ ሲነሣ ቀዩ የዳሽቦርድ መብራት ጠፋ።

ወደ ሠርጉ አልደረሰችም፤ ልጁ ሙሽራዋን በሌላ መኪና አመጣት። ከሠርጉ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት እማማ ወደ ጋራዡ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው በባለቤታቸው ቦታ ሳይሆን በራሳቸው ቦታ፣ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። መሸት ብሎ ነበር። መብራቱን አበራሁላቸው፤ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ሁለት እኩል ክብ ሆኖ ወጣ። «ግራው ሁልጊዜ ደብዛዛ ነበር» አሉ። ከዚያ ሌላ አልተናገሩም።

የሠራሁትን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ሥዬ፣ የቀየርኩትን ቀለምና የቀጠልኩበትን ቦታ ምልክት አድርጌ፣ በላስቲክ ከረጢት ከፊት ኮፈኑ ሥር አስቀምጬዋለሁ። በግራ በር ላይ ያለው የውስጥ መብራት ማብሪያ ግን ዕቃው ስላልተገኘ ገና አልተሠራም። እሱንም ወረቀቱ ላይ ጽፌዋለሁ።